አስራ አንዱን የቲቢ ኪናዞች በአንድ እፍኝ ጥሬ ቡና እንዴት እንደምታጠኑ

ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ ሰሚናር ልታቀርብ ሁለት ቀን ሲቀራት ወደ እኔ መጣች። ጅማ ላይ ዝናቡ ከጅሬን ጀምሮ እስከ መርካቶ ያወርደው ነበር። ደብተሯን ከፌስታል አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የአስራ አንዱ ኪናዞች ስም። ከእያንዳንዱ ስም ስር ደግሞ አስር አስራ አምስት የፕሮቲን ስም። ሁሉንም ሸምድዳዋለች፣ አንድም አልሳተችም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኳት።

«ባክቴሪያው የሚያድገው በየት በኩል ነው?»

«እንዴት በየት በኩል፣ መምህር?» አለችኝ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ኪናዝ የሚባሉት የቲቢ ባክቴሪያ ኢንዛይሞች እድገቱን ይቆጣጠራሉ እንላለን። እድገቱ ራሱ ምን እንደሆነ ካልያዝን ግን ቁጥጥሩ የስም ጋጋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያን ማታ ቡና እየተፈላ፣ ካልተቆላው ላይ ጥቂት ፍሬ ወስደን ጠረጴዛ ላይ የሰራነውን ነው የምጽፍላችሁ። ከዚያ ወዲህ ከሌሎች ተማሪዎች ጋርም ሞክሬዋለሁ። ይሰራል። የሚወስደው አንድ ምሽት ነው፣ ግን ሳትቸኩሉ።

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ይበቃል። ሁለት ቀለም እስክሪብቶ። አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና፣ እሱን ጅማ ውስጥ የሚያጣ ሰው አላውቅም። ጥሬ ይሁን ያልኩት ፍሬው በጠፍጣፋ ጎኑ ወረቀቱ ላይ ስለሚያርፍ ነው። አተር ይንከባለላል፣ የተቆላ ቡና ደግሞ ወረቀቱን ያቀባል። ባክቴሪያውን ራሱን አንነካም። ቲቢን በካልቸር ማሳደግ የአየር ፍሰቱ ቁጥጥር ያለበት ልዩ ላቦራቶሪና የሰለጠነ ሰው ይጠይቃል። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የማይኮባክቴሪዮሎጂ ምርምር ማዕከል አለ፣ ያ ስራ የዚያ ነው። የእኛ ስራ የጠረጴዛ ነው።

ከግድግዳው ጀምሩ።

ወረቀቱ ላይ ረዘም ያለ ዘንግ ሳሉ። እውነተኛው ባክቴሪያ ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ነው፣ የእናንተ ግን ክንድ ያህል ይሁን፣ ቦታ ያስፈልገናል። አሁን ዙሪያውን አራት መስመር አድርጉለት። ከውስጥ ስትነሱ መጀመሪያ ሜምብሬን፣ የሴሉ ስስ ሽፋን። ቀጥሎ ፔፕቲዶግላይካን፣ ባክቴሪያው እንዳይፈነዳ የሚይዘው መረብ። ከዚያ አራቢኖጋላክታን የሚባል የስኳር ሰንሰለት። ከሁሉም በላይ ማይኮሊክ አሲድ፣ ሰም የመሰለ ስብ። በማይክሮስኮፕ የአክታ ምርመራ ስናይ በሰማያዊው መሃል ቀይ ሆነው የሚታዩት በዚህ ስብ ምክንያት ነው፣ ቀዩን ቀለም አንዴ ከያዙ በአሲድ ብታጥቧቸውም አይለቁም።

አሁን ሁለቱን ጫፎች በሌላው ቀለም አድምቋቸው። የቲቢ ባክቴሪያ የሚያድገው በጫፎቹ ነው። አንጀታችን ውስጥ እንደሚኖረው ባክቴሪያ እንደ ኢ. ኮላይ በጎኑ ሁሉ ግድግዳ እየጨመረ አይደለም። አዲስ ግድግዳ የሚሰራው ጫፉ ላይ ነው፣ የቆየው ግድግዳ ወደ መሃል እየቀረ ይሄዳል፣ ከዚያ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ «እድገት» ስንል በአመዛኙ «ጫፍ ላይ ግድግዳ መስራት» ማለታችን ነው። ይህን አረፍተ ነገር ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። ውሉ ይሄ ነው፣ ሌላው ከዚህ ይመዘዛል።

እድገቱ ደግሞ በጣም ቀርፋፋ ነው። ኢ. ኮላይ ሁኔታው ከተመቸው በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል። ቲቢ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ቁጥር መጽሐፍ ላይ ማንበብ አንድ ነገር ነው፣ ጠርሙሱን በእጅ ይዞ መጠበቅ ሌላ። የሎወንስታይን ጄንሰን ካልቸር አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። በእንቁላል የተሰራ፣ ማላካይት ግሪን የሚባል ቀለም የገባበት፣ በጠርሙሱ ውስጥ በሰያፍ የረጋ አረንጓዴ ነገር ነው። አክታው ይዘራበታል። በሳምንቱ ታያላችሁ፣ ምንም የለም። በሁለት ሳምንቱም ምንም። ሦስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ ጠርሙሱን ወደ መስኮት አዘንበል ስታደርጉት፣ አረንጓዴው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ የመሰለ፣ ክሬም ቀለም ያለው፣ ሻካራ ነገር ጉብ ጉብ ብሎ ይታያል። እስከ 8 ሳምንት ካልተጠበቀ «የለም» አይባልም። እኔ መጀመሪያ ያየኋት ጉብታ ከክብሪት ጫፍ ታንስ ነበር፣ ግን ጠርሙሱን ማስቀመጥ አቃተኝ። ያ ሁሉ ፍርፋሪ በ20 ሰዓት አንዴ ብቻ ሁለት እየሆነ የመጣ ነው።

ፍጥነቱን የሚመጥነው ማነው? ምግብ ሲጠፋ ቁም፣ ሲገኝ ቀጥል የሚለው ማነው? ኪናዞቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

ኪናዝ ማለት ኤቲፒ ከሚባለው የሴሉ የኃይል ምንጭ ላይ አንድ ፎስፌት ቆርጦ ሌላ ፕሮቲን ላይ የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው። በቃ። ኤቲፒ ሦስት ፎስፌት አለው፣ የሚቆረጠው የጫፉ ነው። እዚህ የምናወራላቸው ኪናዞች የሚለጥፉት ሴሪን ወይም ትሪዮኒን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ላይ ነው። ፎስፌት ትንሽ ነገር ነው፣ ግን አሉታዊ ቻርጅ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የተለጠፈበት ፕሮቲን ቅርፁ ሊቀየር ይችላል፣ ወይም ከዚህ በፊት የማይጠጋው ሌላ ፕሮቲን አሁን መጥቶ ይይዘዋል። ይህን ፎስፌት ያለበትን ትሪዮኒን ለይቶ የሚይዝ ክፍል ያላቸው ፕሮቲኖችም አሉ፣ ክፍሉ ኤፍኤችኤ ይባላል፣ ቆይተን እናገኘዋለን።

ፎስፌቱ የቡና ፍሬ ነው። ኪናዙ የእናንተ ቀኝ እጅ፣ ፍሬ የሚያስቀምጠው። ግራ እጃችሁ ደግሞ ፎስፋታዝ ነው፣ ፍሬ የሚያነሳው። የቲቢ ባክቴሪያ አስራ አንድ አስቀማጭ እያለው የዚህ ዓይነቱ አንሺ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ ፒኤስቲፒ ይባላል። ግራ እጅን የሚረሱ ብዙ ናቸው። አትርሱት። ፍሬ የማይነሳ ቢሆን ኖሮ ቁጥጥር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

አስራ አንዱን ስም እንዲህ አድርጋችሁ ለዩ። የቲቢ ሙሉ ጂኖም የታተመው በ1998 ነው፣ 4.4 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል፣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ጂኖች። አስራ አንዱ ኪናዞች አንድ ላይ የታዩት ያኔ ነው። ስማቸው ሁሉ ፒኬኤን ብሎ ይጀምርና በፊደል ይለያል፤ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች፣ አይ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል። ሲ የለም፣ ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ። እኔ ኪናዝ ኤ፣ ኪናዝ ቢ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዘጠኙ ሜምብሬኑን አቋርጠው የተተከሉ ናቸው፣ አንድ ጎናቸው ውጭ፣ አንድ ጎናቸው ውስጥ። ጂ እና ኬ ግን ውስጥ ነው ያሉት። ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ችካል ሜምብሬኑ ላይ ትከሉ፣ ሁለት ክብ መሃል ላይ አድርጉ። ከዚያ ኤ እና ቢን ብቻ አድምቋቸው። ያለ እነዚህ ሁለቱ ባክቴሪያው በተለመደው ሁኔታ አያድግም። እድገትን ልታጠኑ ከሆነ ማታውን የምታሳልፉት ከነዚህ ጋር ነው። ሌሎቹን ለሌላ ቀን ብትተዋቸው ምንም አይቀርባችሁም።

ሰፈራቸውን እዩልኝ። ክሮሞዞሙ ላይ የኤ እና የቢ ጂኖች ብቻቸውን አይደሉም። አጠገባቸው የፎስፋታዙ ጂን አለ፣ አስቀማጭና አንሺ ጎን ለጎን። መሃላቸው ደግሞ ሁለት ሌሎች፣ ሮድ-ኤ እና ፒቢፒ-ኤ። ሁለቱም የግድግዳ ሰራተኞች ናቸው፣ ፔፕቲዶግላይካን የሚቀጣጥሉ። አምስቱም በአንድ ረድፍ። ስለ አንድ ሰው ለማወቅ ጎረቤቱን መጠየቅ እንደምንለው ነው። ተመራማሪዎችም ኤ እና ቢ ከግድግዳ ጋር ጉዳይ እንዳላቸው ቀድመው የጠረጠሩት በከፊል ከዚህ ተነስተው ነው። በ2005 የታተመ ስራ ደግሞ በዓይን አሳየው። ኪናዞቹን በብዛት እንዲመረቱ ሲያደርጓቸው ባክቴሪያዎቹ ወፍረው አበጡ። ሲቀንሱባቸው ቀጥነው ረዘሙ። ቅርፅ ማለት ግድግዳ ነውና።

አሁን ኪናዝ ቢን በደንብ ቅረቡት። ትልቅ አድርጋችሁ ሳሉት፣ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጡት።

ከሜምብሬኑ ውጭ የተንጠለጠለው ክፍሉ አራት ጉብታዎች በሰልፍ ያሉበት ጅራት ነው። ጉብታዎቹ ፓስታ ይባላሉ፣ ከእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተሰራ ስም ነው እንጂ ከምግቡ ጋር አይገናኝም፣ ግን ለማስታወስ ይመቻል። ስራቸው የግድግዳ ቁርጥራጭ መያዝ ነው። ግድግዳው ሲሰራና ሲፈርስ ቁርጥራጮች ውጭ አሉ፣ ለግንባታ የመጣ ያልተገጠመ ጡብም አለ፣ እሱ ሊፒድ ቱ ይባላል። ፓስታዎቹ እነዚህን ይይዛሉ። በሌላ አነጋገር ኪናዝ ቢ ውጭ እጁን ዘርግቶ «ግንባታው እንዴት ነው?» እያለ ይዳስሳል።

ውስጥ ያለው ክፍል ደግሞ ስራ የሚሰራው ነው። አንድ ኪናዝ ቢ ብቻውን ሰነፍ ነው። ሁለት ሲሆኑና ጀርባ ለጀርባ ሲገጥሙ ግን ይነቃሉ፣ እርስ በርስም ፎስፌት ይለጣጠፋሉ። ቦታው ቁጥር 171 እና ቁጥር 173 ላይ ያሉት ትሪዮኒኖች ናቸው። ሁለት ኪናዝ ቢ ጎን ለጎን ሳሉና በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ሁለት ፍሬ አስቀምጡ። አሁን ነቅተዋል። ፎስፋታዙ እነዚህን ፍሬዎችም ማንሳት ይችላል። ግራ እጃችሁን አምጡና አንሱ። ተኙ። መልሳችሁ አስቀምጡ። ይህን ሦስት አራት ጊዜ አድርጉት። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፣ ግን ያቺ ተማሪ ነገሩ የገባት ፍሬውን በራሷ እጅ ስታነሳ ነው።

ቀጥሎ አንድ ፍሬ ተከተሉ። አንድ ብቻ።

ሙር-ኤ የሚባል ኢንዛይም አለ። የፔፕቲዶግላይካን ጡብ የመጀመሪያው እርምጃ የሱ ነው። እሱ ካልሰራ ጡብ የለም፣ ጡብ ከሌለ ግድግዳ የለም። ሙር-ኤ ግን ብቻውን ደካማ ነው። የሚያበረታታው ሌላ ፕሮቲን አለ፣ ስሙ ሲደብሊውኤልኤም፣ ረጅም ስለሆነ መልእክተኛው እንበለው። መልእክተኛው ዘሩ ግድግዳ ከሚቆርጡ ኢንዛይሞች ነው፣ መልኩም እነሱን ይመስላል፣ ግን ስራ ቀይሯል። ኪናዝ ቢ መልእክተኛው ላይ ፍሬ ያስቀምጣል። ፍሬ የያዘው መልእክተኛ ወደ ሙር-ኤ ይሄዳል፣ ሙር-ኤም ይነቃል፣ ጡብ መመረት ይጀምራል። ምግብ ሲጠፋ ፍሬው ከመልእክተኛው ላይ ይነሳል። ሙር-ኤ ይላላል። ጡብ ይቆማል። ይህ የታተመው በ2016 ነው፣ የተሰራውም በአብዛኛው ማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስ ላይ ነው። እሱ የቲቢ ዘመድ ነው፣ በሦስት ሰዓት ገደማ ሁለት ይሆናል፣ ጤነኛ ሰውም አያሳምምም፣ ስለዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ይወዱታል።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ፍሬ ሲኖር ሂድ፣ ሲነሳ ቁም። ተማሪዎች እዚህ ጋ ደስ ይላቸውና ደብተር ላይ «ፎስፌት ማለት ማብሪያ» ብለው ይጽፋሉ። እባካችሁ አትጻፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ ተሳስቼ ቆይቻለሁ።

ሙር-ጄን ውሰዱ። የተሰራውን ጡብ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገለብጠው ነው። ኪናዝ ቢ እሱም ጋ ፍሬ ያስቀምጣል። ይሄኔ ያ ኤፍኤችኤ ያልነው ክፍል ያለው ፕሮቲን መጥቶ ፍሬውን ይይዛል፣ ያም ግንባታውን የሚገታ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ያው ኪናዝ። ያው ፍሬ። እዚያ ሂድ፣ እዚህ ቁም።

ኢንኤችኤን ጨምሩ። ማይኮሊክ አሲድ፣ ያ ሰም፣ እንዲረዝም ከሚያደርጉት ኢንዛይሞች አንዱ ነው። ትሪዮኒን 266 ላይ ፍሬ ሲቀመጥበት ስራው ይቀንሳል። ኢንኤችኤ ለእኛ አገር ሰው ባዳ አይደለም፣ የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ የሚያጠቃው እሱን ነው። መድኃኒቱ በውጭ መጥቶ የሚዘጋውን ኢንዛይም ባክቴሪያው ራሱ በፎስፌት ሲፈልግ ያቀዘቅዘዋል ማለት ነው። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጫፉ ላይ ደግሞ ዋግ 31 አለ። ያደመቃችሁት ጫፍ ላይ ሳሉት። ግንባታው ጫፍ ላይ እንዲሆን የሚያደርገው እሱ ነው። ትሪዮኒን 73 ላይ ፍሬ ሲቀመጥበት የጫፉ ግንባታ ይበረታል። እዚህ ደግሞ ተመልሶ ሂድ ሆነ።

ታዲያ ኪናዝ ቢ ምንድነው? ከጅሬን በዝናብ ባጃጅ ይዞ የሚወርድ ሹፌር አስቡ። ነዳጁም ፍሬኑም በአንድ ሰው እጅ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ ይይዛል፣ ትንሽ ይለቃል፣ ሁለቱንም እያፈራረቀ ነው ከተማ የሚደርሰው። ነዳጅ ብቻ ቢሆን ቦይ ውስጥ ይገባ ነበር፣ ፍሬን ብቻ ቢሆን ጅሬን ላይ ይቀር ነበር። ጡቡ፣ ግልበጣው፣ ሰሙ፣ ጫፉ፣ ሁሉም ተመጣጥነው ካልሄዱ ግድግዳው ይቀደዳል። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ፍሬ አጠገብ ቀስት አድርጉ፣ ወደ ላይ ከሆነ ያበረታል፣ ወደ ታች ከሆነ ይገታል። ቀስት የሌለው ፍሬ ምንም አይናገርም።

ኪናዝ ኤ ላይ ብዙ አልቆይም። ከቢ ጋር ብዙ ዒላማ ይጋራል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ኤፍቲኤስ-ዜድ የሚባለውን መሃል ላይ ቀለበት ሰርቶ ባክቴሪያውን የሚያስከፍለውን ፕሮቲን ይነካል። መሃሉ ላይ ቀለበት ሳሉና አንድ ፍሬ አስቀምጡ። እሱ ይበቃል።

ኪናዝ ጂ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ውስጥ ነው ያለው፣ ግድግዳ ሳይሆን ጓዳ ነው የሚቆጣጠረው። ጋር-ኤ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን አለ። ፍሬ የሌለበት ጋር-ኤ የምግብ ማቃጠያ መስመሩ ላይ ያሉ ኢንዛይሞችን ይዞ ይገታል። ፍሬ ሲቀመጥበት ይለቃቸዋል። ልብ በሉ፣ እዚህ ፍሬ ማለት «ልቀቅ» ነው። በዚህም ኪናዝ ጂ ምግቡ ወደ ማቃጠል ይሂድ ወይስ ግሉታሜት ወደ መስራት የሚለውን ያመዛዝናል። በ2004 ደግሞ ባክቴሪያው ማክሮፌጅ በሚባለው ጀርም የሚውጥ የሰውነታችን ሴል ውስጥ ገብቶ እንዳይፈጭ ኪናዝ ጂ እንደሚረዳው ታይቷል። ኤች ደግሞ ኤምብ-አር በሚባል ፕሮቲን በኩል የአራቢኖጋላክታኑን ሰራተኞች ጂኖች ያነሳሳል፣ ሌላው የቲቢ መድኃኒት ኢታምቡቶል የሚያጠቃቸውን ማለት ነው። የቀሩትን ለዛሬ ተዋቸው።

ወረቀቱ ሲሞላ መጣጥፍ ማንበብ ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ባትሞክሩ ይሻላል። በያንዳንዱ መጣጥፍ ላይ እነዚህን ጠይቁ፤ ፍሬውን ማን አስቀመጠ፣ በስንተኛው አሚኖ አሲድ ላይ፣ ምን ተቀየረ፣ ማን ያነሳዋል። ከነዚህ በላይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይሄ የታየው ቱቦ ውስጥ ነው ወይስ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ውስጥ? ኪናዝን ከብዙ ኤቲፒ ጋር ቱቦ ውስጥ ብትጨምሩት ያገኘው ላይ ሁሉ ይለጥፋል። ስለዚህ ቱቦ ውስጥ የታየ ፍሬ ጥርጣሬ ነው፣ ማስረጃ የሚሆነው ሌላ ሲጨመርበት ነው። ጠንከር ያለው መንገድ ጂኑን መቀየር ነው። ትሪዮኒኑን በአላኒን ይቀይሩታል። አላኒን ፎስፌት የሚለጠፍበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ ፍሬ ጨርሶ አይቀመጥም። ወይም በአስፓርቴት ይቀይሩታል፣ እሱ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ፍሬ ሁልጊዜ ያለበት ያስመስለዋል። ከዚያ ባክቴሪያው እንዴት እንደሆነ ያያሉ። መጣጥፉ ውስጥ ይህን ካገኛችሁ በጥሞና አንብቡ። ካላገኛችሁ «ሊሆን ይችላል» ብላችሁ እለፉ። በ2010 አንድ ጥናት በቲቢ ባክቴሪያ ውስጥ በ301 ፕሮቲኖች ላይ 516 የፎስፌት ቦታዎች ቆጥሯል። ከነዚህ ምን ያህሉ እድገትን እንደሚቀይሩ አንድ በአንድ ካልተፈተሸ በቀር አይታወቅም። ደብተር ሙሉ ስም የሸመደዱ ተማሪዎች የሚሰጥሙት እዚህ ባህር ውስጥ ነው።

ሰሚናር ላይ «ታዲያ ለምን መድኃኒት አይሰራበትም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተዘጋጁ። ኪናዝን በመድኃኒት መዝጋት እንደሚቻል ካንሰር ላይ ታይቷል፣ ኢማቲኒብ የሚባለው የደም ካንሰር መድኃኒት በ2001 ጸድቋል። ቲቢ ላይ ግን ሁለት እንቅፋት አለ። የመጀመሪያው፣ ኤቲፒ የሚገባበት የኪናዞቹ ኪስ ከእኛው ሰውነት ኪናዞች ጋር ይመሳሰላል፣ እኛ ደግሞ ከ500 በላይ አሉን፣ የባክቴሪያውን ዘግቶ የእኛን የማይነካ ማግኘት ከባድ ነው። ሁለተኛው ያው ግድግዳው ነው። ቱቦ ውስጥ ኪናዝ ቢን አሳምሮ የሚዘጋ ነገር ባክቴሪያው ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ይደክማል፣ ያንን ሰም አልፎ መግባት አለበት። እስካሁን በዚህ መንገድ የሚሰራና ለቲቢ የጸደቀ መድኃኒት የለም። እንደዚሁ ብላችሁ ተናገሩ። ለታማሚ ቤተሰብም ቢሆን ተስፋ አስረዝማችሁ አትንገሩ።

ቤተሰብ ካልኩ አይቀር። አንድ ጊዜ ከሰቃ ልጃቸውን ይዘው የመጡ እናት ነበሩ። ልጅቷ ሁለት ወር መድኃኒት ወስዳ ሳሉ ጠፍቷል፣ ጉንጯ ተመልሷል። «ልጄ፣ ይቺ እኮ ድናለች፣ አራት ወር ደግሞ ለምን?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በአራት መድኃኒት ሁለት ወር፣ ከዚያ በሁለት መድኃኒት አራት ወር ሲባል ማንም ቢሆን ይጠይቃል። «የተኙ አሉ፣ እማማ» አልኳቸው። «ሲተኙ መድኃኒቱ ቶሎ አያገኛቸውም።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እስኪነቁ እንጠብቃቸዋለን» አሉና ካርዷን ይዘው ወጡ። እስከ መጨረሻው ወስዳለች።

መተኛቱም ከኪናዝ ቢ ጋር ይገናኛል። ሳንባ ውስጥ ሰውነታችን ባክቴሪያውን አጥሮ ሲይዘው ኦክስጅን ያጥርበታል። በ2014 የታተመ ስራ እንዳሳየው ኦክስጅን ሲጠፋ የኪናዝ ቢ መጠን ይወርዳል፣ መባዛቱ ይቆማል። ኦክስጅን ሲመለስ ኪናዝ ቢም ይመለሳል፣ ባክቴሪያው እንደገና መባዛት ይጀምራል። ሙሉው የመተኛት ታሪክ ይህ ብቻ አይደለም፣ ሌሎች መቆጣጠሪያዎችም አሉበት። የእድገቱን በር በተመለከተ ግን ኪናዝ ቢ ቁልፉ አጠገብ ነው።

አሁን ወረቀቱን ፊታችሁ አድርጉና ራሳችሁን ፈትኑ። ደብተር ይዘጋ። ኦክስጅን ጠፋ፣ ምግብም አለቀ። የትኞቹን ፍሬዎች ታነሳላችሁ? ተማሪዋ መጀመሪያ ሁሉንም ጠራርጋ አነሳች። አይደለም። ኪናዝ ቢ ራሱ እየቀነሰ ነው፣ ስለዚህ ከሱ ጀምሩ። ከሁለት አንዱን ኪናዝ በእጃችሁ ሸፍኑት። ከዚያ ከመልእክተኛው ላይ ፍሬውን አንሱ፣ ሙር-ኤ ላላ። ከዋግ 31 ላይ አንሱ፣ ጫፉ ጸጥ አለ። ኢንኤችኤ ጋ ስትደርሱ ቆም በሉ። እዚያ ፍሬውን ማንሳት የባጃጁን ፍሬን እንደ መልቀቅ ነው፣ ግንባታው በቆመበት ሰዓት ደግሞ ሰሙን ማን ይፈልገዋል? እዚያ ላይ ሌሎች ኪናዞችም ፍሬ ማስቀመጥ እንደሚችሉ አስታውሱ፣ ኢ እና ኤልን ጨምሮ። ስለዚህ ያንን ፍሬ ለማንሳት አትቸኩሉ።

አሁን ኦክስጅን ተመለሰ። የመጀመሪያውን ፍሬ የት ታስቀምጣላችሁ? እሷ እጇን ወደ ጫፉ ልካ ነበር። መሃል መንገድ ላይ ቆመች፣ ትንሽ አሰበች፣ መለሰችው። የሸፈነችውን ኪናዝ ቢ ገለጠችና ከጎኑ ካለው ጋር ጀርባ ለጀርባ አስጠጋቻቸው። ከዚያ ፍሬዋን 171 ላይ አስቀመጠች።